በ1933 ዓመተ ምሕረት በጎጃም ስለ ተደረገው ይቅርታ

ጠላት ኢጣልያ በዳንግላ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፥ የአገው ምድርንና የዳሞትን አርበኞች የሚያስጨንቃቸው ጠላት ብቻ አልነበረም። በኋላ ሁለቱም ቢትወደድ የተባሉት መንገሻ ጀምበሬ በዳንግላ በኩል፥ ነጋሽ በዛብህም በዳሞት በኩል ሆነው ስለ አንዲት አገር ሲዋጉ፥ እርስ በርሳቸው ግን አይተማመኑም ነበር። በ1932 ዓመተ ምሕረት ክረምት ከሱዳን የገቡት ኮሎኔል ሳንፎርድ ከሠሩት ሥራ አንዱ እነዚህን ሁለት መኳንንት ማስታረቅ ሆነ፤ ሁለቱም በአንድነት ሊዋጉ ቃል ተጋቡ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጌዴዎን ጦር ብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ ይህን ዕርቅ ግን በጥቂት መስመር ያልፉታል። ይሁን እንጂ በየካቲት 1933 ጠላት ዳንግላን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር ሲሸሽ፥ ለዚያ ድል ዕርቁም ድርሻ ነበረው።

በዚያ አገር ዕርቅ ያለ ሥርዓት አይፈጸምም። ደም ለማድረቅ ሲሆን ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ ካህን መስቀል ይዞ ይቆማል፤ በደለኛው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይወድቃል። ይቅር ያለ እንደ ሆነ ተበዳዩ ድንጋዩን ያወርድለታል። ንጉሥም ቢሆን፥ ሽማግሌም ቢሆን፥ ያልተበደለ ሰው ስለ ተበደለው ሆኖ ያን ድንጋይ ሊያወርድ አይችልም። የቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ከዚህ አይርቅም፤ ቂምን መተው የተበዳዩ ፈንታ ነው፥ ንስሐና ቀኖና ደግሞ የበደለኛው ፈንታ ነው፤ አንዱ የሌላውን ስፍራ አይተካም።

ይህ ነገር በደብረ ማርቆስ ተፈተነ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓመተ ምሕረት ልጅ ኢያሱን ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ከግዛታቸው ተሽረው ታስረው ነበር። ጠላት በገባ ጊዜ ለጠላት አደሩ፤ በስማቸውና በሠራዊታቸውም ጎጃምን ለማባበል ተላኩ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ በገቡ ጊዜ ራስ ኃይሉ ተቀበሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በሞት አልቀጧቸውም፤ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በጥበቃ እንዲኖሩ ሆነ። የተክለ ሃይማኖትን ልጅ በገዛ አገሩ መግደል ጎጃምን ዳግመኛ ማስቆጣት ነበርና በዚህ ምሕረት ውስጥ ብልኀትም እንደ ነበረበት አይካድም። ነገር ግን ንጉሡ ይቅር ያሉት የራሳቸውን በደል ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበት ባላገር ድንጋዩን ለማውረድ አልተጠየቀም።

ከወር በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጠላት አዲስ አበባ በገባ በአምስተኛው ዓመት ዕለቱን ጠብቀው ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱ ገቡ። ሕዝቡ ለክፉ ክፉ እንዳይመልስ፥ የኢትዮጵያንም መልካም ስም በበቀል እንዳያጎድፍ አዘዙ። ይህ ቃል የተነገረው የአቡነ ጴጥሮስን በሐምሌ 1928 በጥይት መደብደብ ላየ፥ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ፥ በግንቦት 1929ም የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ሞት ለቀመሰ ሕዝብ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ድል አድራጊ ሆኖ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሰጠ ንጉሥ በዓለም ታሪክ ብዙ አይገኝም። ሕዝቡም ትእዛዙን በብዛት ጠበቀ፤ ለዚህ ምስጋናው ከአዛዡ ይልቅ ለሕዝቡ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን ለመናገር ይከብዳል። በምሥራቅ ጎጃም አምስት ዓመት ለጠላት ያልተንበረከኩት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ተጣሉ፤ ተዋጉ፤ ተይዘውም ሞት ተፈረደባቸው። የሞቱ ፍርድ ወደ እስራት ከተለወጠላቸው በኋላ ከራስ ኃይሉ ልጅ ከማሞ ኃይሉ ጋር ከወህኒ አመለጡ፤ ተመልሰውም ተያዙ፤ በጥር 1937 ዓመተ ምሕረት ሁለቱም በአዲስ አበባ በስቅላት ሞቱ። አንድ ጊዜ ተምረዋልና ፍርዱ ሕግን የተከተለ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገራቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በወንጌል እልፍ መክሊት የተተወለት አገልጋይ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንገቱን እንዳነቀ የሚያውቅ ሰው፥ ለባዕድ ወታደር የሰፋው ምሕረት፥ ለጠላት ላደረውም መስፍን የተረፈው፥ ለአርበኛው ለምን እንደ ጠበበ መጠየቁ አይቀርም። ባዕድን ይቅር ማለት የሚቀለው ባዕድ ነገ ወደ አገሩ ስለሚሄድ ነው፤ ወንድም ግን ከደጅ ተቀምጦ ይኖራል።

ከሞታቸውም በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳና፥ በባሕር ዳርም የአውሮፕላን ማረፊያው በበላይ ዘለቀ ስም ተጠራ።