ሐልዮ

ሊቃውንቱ ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ ያስተምራሉ፤ በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ ማለታቸው ነው። «ሐለየ» በግእዝ አሰበ፣ አሰላሰለ ነው። ለእኔ ክብደቱ «አሰላሰለ» ላይ ይወድቃል። ክፉ ሐሳብ ሽው ማለቱ ለማንም አይቀርም፤ ጌታችንም በገዳመ ቆሮንቶስ ተፈትኗል፤ ኃጢአት ግን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው የግብፅ በረሃ መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ይህንኑ ለይቷል፦ የሐሳቡ መምጣት በእጃችን አይደለም፤ በውስጣችን መሰንበቱ ግን በእኛ ነው። ከስምንቱ አንዱ ቁጣ ነው፤ ያስቀየመንን ሰው መልክ በተለይ በጸሎት ሰዓት ፊታችን ላይ ያመጣዋል ይላል።

እውነት ነው። ቀን ባልደረባችን የወረወረብንን ቃል ማታ አልጋ ላይ እናነሣዋለን። መልስ እንፈልግለታለን፤ የተገኘውን መልስ ደግሞ እንስለዋለን። ጠዋት ቢሮ ስንገባ ጤና ይስጥልኝ ማለት ይከብደናል። ገና ምንም አልተናገርንም፤ በሐልዮ ግን ሰውየውን ጨርሰነዋል። ስለዚህ ልብን መጠበቅ የሚጀምረው ከዚያች ከመጀመሪያዋ መልስ በፊት ነው፤ ስሙን ጠርቶ «ማረው፣ እኔንም ማረኝ» ብሎ መተኛት ይቻላል። ካመለጠንም ንስሐ አባት ዘንድ ስንቀርብ «ክፉ አልተናገርኩም» ብለን አንለፈው፤ የታሰበውም ይነገራል።