የኮሶውን አበባ የሳለው እጅ



የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ኮሶን አያጣውም። በጉና ዙሪያ ያደገ ሁሉ ቀላ ያለውን የአበባ ዘለላ ያውቀዋል፤ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ለሆድ ትል ይጠጣ እንደነበርም ከአባቶቻችን ሰምተናል። ይህ አበባ ከ250 ዓመት በፊት በዚሁ በጎንደር አገር በቀለም ተስሎ ባሕር ተሻገረ። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ሳለው ሰው ነው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን)። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው፣ ቅጥር ሠዓሊ ነበር። ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ ይስላል፤ ከዚያ አበባውን ፈታቶ ክፍሎቹን ለየብቻ ከጎኑ ያስቀምጣል። የተቆረጠ አበባ ይጠወልጋል፣ ቀለሙም ይጠፋል፤ ፎቶ ባልነበረበት ዘመን መልኩን የሚያቆየው ሥዕሉ ነበር። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ወልክፋ፣ ቀንጠፋ፣ ዋጊኖስ፣ እንሰት፣ ጤፍም ሳይቀር ተሳሉ።

ብሩስ ጉዞውን በ1790 በአምስት ቅጽ ሲያሳትም የመጨረሻውን ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሰጠው። ስለ ቀንጠፋ የጻፈው አይረሳም፦ እሾሁ የንጉሡን ልብስ ስለያዘ የአገሩ ሹም ከነልጁ እዚያው ተሰቀለ ይላል! ዋጊኖስም ከተቅማጥ እንዳዳነው ይመሰክራል። ወደ ሠዓሊው ሲመጣ ግን ቃሉ ያጥራል። ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው፤ ባሉጋኒም የዓባይን ምንጭ ሳያይ እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። እውነቱ ሌላ ነው። ባሉጋኒ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ላይ አብሮት ነበር፤ የመንገዱንም ማስታወሻ በጣሊያንኛ ይዟል። የሞተው በ1771 መጀመሪያ ጎንደር ውስጥ ነው።

እኛ መድረሳ ስንቀራ ወሬ ለሚያመጣ ሰው «ከማን ሰማኸው?» ማለትን ተምረናል። በዚህ ሚዛን ብሩስ ሰነዱን ቆርጧል። ድፍረቱንና ድካሙን አንክድም፤ አማናውን ግን አልጠበቀም።

ስሞቹንም እዩ። ብሩስ ኮሶን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው፤ ኋላ የጸናው ግን «ሀጌኒያ» ሆነ፣ ከአንድ የኮኒግስበርግ ምሁር ስም። ዋጊኖስ ደግሞ «ብሩሲያ» ተባለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም ሰዎች አሉ። ብሩስ በ1770 ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሲሄድ ከእስቴ ጎረቤት ከደራ የሙስሊም ነጋዴዎች አለቃ የነበሩት ነጋድራስ መሐመድ ረድተውታል፤ እሳቸውን በስማቸው ጠቅሷቸዋል። የተክሎቹን ስም የነገሩት የአገሩ ሰዎች ግን አልተጻፉም። ቃላቸው ብቻ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቀንጠፋ የሚለው፣ በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ቀረ።

ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ1991 ሀልተን፣ ሄፐርና ፍሪስ የተባሉ ሦስት ምሁራን አጥንተው በመጽሐፍ አወጧቸው፤ በርዕሱ ላይ የተጻፈው የባሉጋኒ ስም ነው።