መጤው ማን ነው? ከሎጋን ሰርክል እስከ መልካ ወረር

ስለ ዘር፣ ስለ ስደትና ስለ ፍቅር የሚተርክ ልብወለድ ሲነሣ ሐሳባችን ወዲያው ባሕር ይሻገራል። የጥቁርና የነጭ ነገር የሌላው ዓለም ጣጣ ይመስለናል። እኔ ግን የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልብወለድ ዳግመኛ ያነበብሁት ለጥናት በሄድሁበት በመልካ ወረር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ላነበው አልቻልሁም።

ዲናው በ1978 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተወሰደ ደራሲ ነው። በ2007 የታተመው «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ባለታሪክ ሴፋ እስጢፋኖስ፣ ከደርግ ሽብር ሸሽቶ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ጁዲት የምትባል ነጭ ምሁር ከሞሪታንያዊ ከወለደቻት ልጇ ከኔዖሚ ጋር ጎረቤቱ ትሆናለች። ይቀራረባሉ፤ ፍቅሩ ግን ሳያብብ ይቀራል። ለምን? ብዙዎች የቆዳ ቀለም ነው ይላሉ። ነገር ግን ጁዲት ያደሰችው ትልቅ ቤት ለነባሮቹ ድኾች የመፈናቀል ምልክት ሆኖ ታያቸው፤ ጡብ ተወረወረ፤ በመጨረሻም ቤቱ ተቃጠለ። በሁለቱ መካከል ከቀለም ሌላ «ይህ ሰፈር የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ቆሞ ነበር።

ይኸው ጥያቄ በመካከለኛው አዋሽም አለ። በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን ያሰማራበት የነበረው የወንዝ ዳር መሬት የጥጥ እርሻ ሆነ። በ1975 የገጠር መሬት ሲወረስ ትልልቆቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ፤ ለባለከብቱ ግን ጌታው ተለወጠ እንጂ ሣሩ አልተመለሰም። ጥጥ ለቀማው ደግሞ ከደጋው የቀን ሠራተኛ ጠራ፤ ከመጡትም እዚያው ወልደው የቀሩ አሉ።

ከእነዚህ ልጆች አንዱን ሻይ ቤት ውስጥ አገኘሁት። አፋርኛን እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል። አንዲት የአፋር ልጅ ወድዶ ነበር። በአፋር ልማድ ወንድ የአባቱን እኅት ልጅ የማግባት መብት አለው፤ አብሱማ ይሉታል። እርሷም በዚሁ የታጨች ነበረች። «እሱን እረዳለሁ» አለኝ፤ «ያመመኝ ወንድሟ ‹አንተን ያሳደገህ የከብቶቻችን ሣር ነው› ማለቱ ነው። አባቴ እኮ ስንዝር መሬት አልነበረውም።»

እውነቱን ነው። ወንድምየውም እውነቱን ነው። መሬቱ ጥጥ ይሁን ብሎ የወሰነው ሰው ግን ከሁለቱም ቤት አልነበረም፤ አዲስ አበባ ቢሮው ተቀምጦ ፈረመ። የሎጋን ሰርክሉ ሴፋም ቢሆን ሱቁን እንዲለቅ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ነበር። ከላይ የተወሰነው ዕዳ ታች ያሉትን መጤና ባላገር ብሎ ያፋጃቸዋል፤ ሒሳቡንም ፍቅር ይከፍላል።

የዋሽንግተኑን ዲናው በእንግሊዝኛ ጻፈልን። የመልካ ወረሩን በአማርኛ ወይም በአፋርኛ የሚጽፍልን ማን ይሆን? ያ ወጣት አሁንም «አገርህ የት ነው?» ሲባል አባቱ የመጣበትን ቀበሌ ይጠራል። እርሱ ግን አይቶት አያውቅም።