ስለ ታላቁ የአክሱም ሐውልት መሠረትና አወዳደቅ

በአክሱም ከተማ ተጋድሞ የሚታየው ታላቁ ሐውልት በማን እጅ ወደቀ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚመልሰው አንድ ነው፤ ይኸውም ዮዲት ጉዲት ጣለችው የሚል ነው። ይህ ቃል ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ስለ ሆነ በንቀት ልንመለከተው አይገባንም። ዳሩ ግን ታሪክን የሚመረምር ሰው የሰውን ምስክርነት ብቻ ሳይሆን የደንጊያውንና የአፈሩንም ምስክርነት መስማት አለበት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳየው የምንፈልገው፥ ለሐውልቱ መውደቅ ከጠላት እጅ ይልቅ የመሠረቱ ጥልቀት ማነስ የተሻለ ምክንያት መሆኑን ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ልኩን እንመልከት። ሐውልቱ ከአንድ ወጥ ደንጊያ የተጠረበ ሲሆን ርዝመቱ 33 ሜትር፥ ክብደቱም 520 ቶን ያህል ይገመታል። የግርጌው ወርድ 3.84 ሜትር፥ ውፍረቱም 2.35 ሜትር ነው። በፊቱ ላይ በርና መስኮት፥ የእንጨቱም ጫፍ ሳይቀር ተቀርጾበት ባለ 13 ፎቅ ቤት እንዲመስል ተደርጓል። ስለዚህ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አክሱማውያን እግሩ ጠባብ የሆነ ሰማይ ጠቀስ ቤት በአንድ ደንጊያ ሊያቆሙ አስበው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የግርጌው ስፋት 9 ካሬ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 58 ቶን ያህል ያርፍበታል ማለት ነው። ደግሞም ሐውልቱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ፥ የክብደቱ ማዕከል ከግርጌው 15 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል ብለን እንገምት። የውፍረቱ ግማሽ ግን 1.2 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ዙሪያውን የጨበጠው መሬት ባይኖር፥ ደንጊያው 5 ዲግሪ ሳይሞላ ቢያዘነብል ራሱን መመለስ አይችልም። ሐውልቱን የሚያድነው የተቀበረው እግሩ ብቻ ነበር።

ያ እግር ምን ያህል ነበር? በመሬት ውስጥ እንዲገባ የተተወው ሳይለዝብ የቀረው የግርጌው ክፍል 3 ሜትር አይሞላም፤ ይኸውም ከጠቅላላው ርዝመት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሆንም። ይህ ጥቂት መሆኑን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በቢቸናና በሞጣ አገር ቤት የሚሠራ ገበሬ ምሰሶው በረዘመ መጠን ጉድጓዱን ያጠልቃል፤ በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር ምሰሶን እንደሚያናጋ ያውቃልና። ዛሬም የእንጨት የመብራት ምሰሶ ሲተከል የተለመደው ደንብ የርዝመቱን አንድ አሥረኛ ወስዶ 60 ሳንቲ ሜትር ጨምሮ መቅበር ነው። በዚህ ደንብ ቢሰላ ታላቁ ሐውልት 4 ሜትር ያህል መቀበር ነበረበት፤ ደንቡም የወጣው ለቀላል እንጨት እንጂ ለ520 ቶን ደንጊያ አይደለም።

በዚህም ላይ ከግርጌው በስተ ምሥራቅና በስተ ምዕራብ ከመሬት በታች የመቃብር ቤቶች ተሠርተው ነበር። በእግሩ አጠገብ ያለው መሬት ወና ከሆነ፥ ጥልቀት የጎደለውን እግር በብርቱ የሚይዘው ምንድን ነው? ሐውልቱ ሲወድቅ አናቱ ነፋስ መውጫ የሚባለውን መቃብር የከደነውን ታላቅ ደንጊያ መታ፤ ያም ክዳን ብቻውን 360 ቶን ያህል ይመዝናል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአክሱም ቁፋሮ የመሩት ዴቪድ ፊሊፕሰን፥ ሐውልቱ የወደቀው ሲተከል ወይም ከተተከለ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ዮዲት ግን የተነሣችው በ10ኛው መቶ ዓመት ነው ስለሚባል፥ በመካከሉ ስድስት መቶ ዓመት ያህል አለ።

ምናልባት፥ ጥፋቱ የመሠረቱ ሳይሆን የቅጥነቱ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነን ዛሬም ቆሞ የሚገኘው ሦስተኛው ሐውልት ነው። ርዝመቱ 21 ሜትር፥ ውፍረቱ 1.2 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር ከታላቁ ይልቅ ቀጭን ነው፤ ጥቂት ቢያዘነብልም አልወደቀም። በኒው ዮርክም በ2014 ዓ.ም. ገደማ የተፈጸመ 435 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት አለ፤ ቁመቱ የወርዱን 24 እጥፍ ነው። የቆመው ግን ከሥሩ ካለው አለት ጋር በብረት ታስሮ ነው። ስለዚህ ቅጥነት ብቻውን አይጥልም፤ የሚጥለው ቅጥነት ከመሠረት ጉድለት ጋር ሲገናኝ ነው።

ይህን ትምህርት የሁለተኛው ሐውልት ታሪክ ያጸናዋል። በ1930 ዓ.ም. በሮም የተተከለው ይህ ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ። ነገር ግን ወዲያው አልተተከለም፤ መሬቱ አስቀድሞ ተመረመረ፥ ከሥሩም መቃብሮች ስለ ተገኙ ብርቱ ጥንቃቄ አስፈለገ። ቆሞ የተመረቀው ጳጉሜን ሊገባ ሲል በነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሥራ ጊዜ ሦስተኛው ሐውልት እንዳይናወጥ ድጋፍ ተደርጎለት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ አባቶቻችንን የሚያሳፍር አይደለም። ያን የሚያህል ደንጊያ ፈልፍሎ፥ ጎትቶ፥ ጠርቦ ከሥፍራው ማድረስ የታላቅ ጥበብ ሥራ ነው፤ የጎደለው አንድ ነገር፥ ይኸውም የሚታየው በረዘመ መጠን የማይታየውን ማጥለቅ ነው። ውድቀቱን ለጠላት ብቻ ሰጥተን ብንቀመጥ ግን ሁለት ነገር እናጣለን። አንደኛ፥ አክሱማውያን እስከ ምን ድረስ ሊደፍሩ እንደ ሞከሩ አናውቅም። ሁለተኛም፥ ዛሬ አዘንብሎ የቆመውን ሐውልት የሚያሰጋው ከእግሩ በታች ያለው አፈር መሆኑን ዘንግተን ዓይናችንን ወደ አናቱ ብቻ እናነሣለን። ስለ ሐውልቶቹ የሚጽፍ ሁሉ ከቅርጻቸው አስቀድሞ መሠረታቸውን እንዲጠይቅ አሳባችንን እናቀርባለን።