የቆዳ ሕመም ስሞችና የዱር ዕፀዋት መድኃኒት

በኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ የቆዳ ሕመም ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል። ደብተራዎችና ባለመድኃኒቶች በግእዝና በአማርኛ ጽፈው ያቈዩአቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ለልዩ ልዩ ደዌ የሚሆነውን ቅጠል፥ ሥር፥ ልጥና ፍሬ ይዘረዝራሉ። ማርሴል ግሪዮል በ1930 በፓሪስ፥ ስቴፋን ስትረልሲን ደግሞ በ1968 በዋርሶ ያሳተሟቸው ሥራዎች ይህን ጽሑፍ ለተመራማሪዎች ሁሉ አቅርበዋል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ የእነዚህ ዕፀዋት ጭማቂ በላቦራቶሪ ሲመረመር ቈይቷል። ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ይህ ተክል ባክቴርያን ይገድላልን?» የሚል ነው። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም ይገባዋል፤ ይኸውም ተክሉን ያዘዘው ባለመድኃኒት በስም የጠራው ደዌ ምን ነበር? የሚለው ነው።

ጥንታውያን ደዌን የለዩት በዓይን በሚታየው ምልክቱ እንጂ በመነሻው አልነበረም። ዛሬ መነሻቸው ሲመረመር እባጭን በብዛት የሚያመጣው ባክቴርያ ነው፤ የጭርት መነሻ ፈንገስ ነው፤ እከክ ቆዳን ሰርስራ ከምትገባ ደቃቅ ተባይ ይመጣል፤ ቁንጭርን የሚያመጣው ደግሞ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚያስተላልፉት ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ለሚገኘው ለዚህ ጥገኛ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ስም የሰጡት በ1973 ነው። እንግዲህ አራቱም ደዌያት በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ቢጻፉም፥ አንድ ዐይነት ፈተና ለአራቱ ሊበቃ አይችልም።

እንዶድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የደረቀው ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲታሸ አረፋ ስለሚያወጣ ከጥንት ጀምሮ ለልብስ ማጠቢያ ሆኖ ኖሯል፤ በብዙ ቦታም ለጭርት ይቀባል። አረፋውን የሚያስገኘው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር የሕዋስን ሽፋን ያፈርሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚያጠፋ ኃይል በዚህ ፍሬ መኖሩን አስተዋሉ። እንዶድን በባክቴርያ ብቻ የሚፈትን ሰው ግን ደካማ ውጤት ቢያገኝ «የአባቶች ቃል ከንቱ ነው» ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ሆኖም ጭርት የባክቴርያ ደዌ ስላልሆነ ፍርዱ ከመነሻው የተሳሳተ ይሆናል።

የዋጊኖስ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ይህን ተክል የተቅማጥ መድኃኒት አድርጎ ስለ ጻፈው፥ የሳይንስ ስሙም የብሩስንና የተቅማጥን ስም ያስታውሳል። በአገር ቤት ግን ተክሉ ለቆዳ ቍስልም ያገለግላል። አንድ መንገደኛ የመዘገበው አንድ ጥቅም የቀረውን ጥቅም ከሊቃውንት ዓይን ሊሸፍን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

የመድኃኒቱ አቀማመምም ሊዘነጋ አይገባም። የተደቈሰው ቅጠል ብዙ ጊዜ በማር ወይም በቅቤ ተለውሶ ይቀባል። ማር ደግሞ በስኳሩ ብዛትና በአሲዱ፥ ከውኃ ጋር ሲገናኝም በሚያመነጨው ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ፥ ራሱ ባክቴርያን ይገታል። ስለዚህ ቍስሉ ሲድን ያዳነው ቅጠሉ ነው ወይስ ማሩ? የሚለው ሳይለይ ምስጋናውን ለቅጠሉ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም።

የስም ጉዳይ ለመጻሕፍት ምርመራ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ቁምጥና ሲጀምር ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት በቆዳ ላይ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ምልክት እንደ ጭርት ተቈጥሮ ቅጠል ሲቀባበት ጊዜው ካለፈ፥ ዛሬ በጊዜው ሲታከም በሚድን ደዌ በሽተኛው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

የባለመድኃኒት ዕውቀት በምስጢር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ወራሽ ሲጠፋ ዕውቀቱም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የተክሉ ስም እንኳ ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ የሚመዘግብ ሰው የተክሉን ስም ብቻ ይዞ ቢመለስ የያዘው እኩሌታውን ነው። የደዌው ስም፥ ምልክቱ፥ የተክሉ ክፍል፥ መለወሻውና መጠኑ አብረው ሲጻፉ ብቻ፥ ላቦራቶሪው ለአባቶች ቃል ትክክለኛ ምስክር ሊሆን ይችላል።