የደም ካሳና የሰው ክብር፦ ስለ ራያ የዘወልድ ሽምግልና

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ክርስቲያንና ሙስሊም በጉርብትናና በዝምድና ተሳስረው በሚኖሩበት በዚህ ቆላ፣ ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቀው የሽምግልና ሸንጎ ዘወልድ ይባላል፤ በሽማግሎቹም መካከል የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘወልድ ካሳ ከማስከፈል በላይ ምን ግዴታ እንደሚያስፈጽም መመርመር ነው።

ነፍስ በጠፋ ጊዜ ዕዳው በገዳዩ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወገኑም ይጠየቅበታል። የሟች ወገን በበኩሉ ደሙን መመለስ ግዴታው ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ሽማግሎች አስቀድመው በቀሉን ያስቆማሉ፤ ቀጥለው ካሳውን ይቆርጣሉ፤ በመጨረሻም ዕርቁን በመሐላ ያጸናሉ። ይህም ደም ማድረቅ ይባላል።

ነገር ግን ካሳ ብቻውን ደም አያደርቅም። በብዙ የኢትዮጵያ አገሮች እንደተለመደው፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ያጎነብሳል፤ ተበዳይም ይቅር ብሎ ያነሣዋል። ገንዘቡ ያለዚህ ቢሰጥ ሟች እንደ ከብት የተሸጠ በመሰለ ነበር። ማጎንበሱ ለሟች ወገን ክብሩን ይመልሳል፤ መነሣቱም ገዳዩን ከሰው ማኅበር ይመልሰዋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዋጋ ያለው ነገር ምትክ እንዳለው፣ ክብር ያለው ግን ምትክ እንደሌለው ለይቶ አስረድቷል። ሽማግሎቹ ይህን ልዩነት በሥርዐት ይገልጡታል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣቱን በአጥፊው ላይ ብቻ አሳረፈ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 3347፣ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች የነበሩትን የልማድ ደንቦች ሻረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በተከራካሪዎች ፈቃድ የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ቢፈቅድም፣ ነፍስ ግድያ በዚህ ውስጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ገዳዩ እስራቱን ጨርሶ ሲመለስ የሟች ልጆች በዚያው ገበያ ይገናኙታል። ፍርድ ቤቱ የመንግሥትን ዕዳ አስከፍሏል፤ በጎረቤታሞች መካከል ያለው ዕዳ ግን ገና አልተከፈለም።

ቢሆንም ልማዱን ያለ ነቀፋ ማወደስ አይገባም። ያልበደለ ዘመድ ስለ በደለኛው ይከፍላል። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎችም ዕርቅን ለማጽናት ሴት ልጅ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ትዳር ስትሰጥ ኖራለች፤ በዚህም ክብር ሊሰጣት የሚገባው ሰው ራሷ ዋጋ ሆና ተቈጥራለች። እንግዲህ ሽምግልና ሊመዘን የሚገባው ራሱ ባቆመው ሚዛን ነው፤ የሟች ነፍስ በገንዘብ የማትተካ ከሆነች፣ የሕያዋንም ነፍስ ለዕርቅ መክፈያ ልትሆን አይገባትምና።