የመካኒክ ዕቃ ሣጥን በወረታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው ከከተማችን ከወረታ ላይ ስለ ሆነ፥ መኪና የተበላሸበት ሁሉ መካኒክ ይፈልጋል። መካኒኩም የሚታወቀው በዕቃ ሣጥኑ ነው። አንዱ ከወፍራም ላሜራ አሠርቶ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል፤ ክዳኑን ሲገልጠው መፍቻዎቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ በየቁጥራቸው ተደርድረው ይታያሉ፤ ባልደረቦቹንም ጠርቶ ያሳያቸዋል። በፎገራ ሜዳ የውሃ ሞተር የሚጠግነው ግን እስከ ርብና ጉማራ ወንዝ ዳር በትከሻው ስለሚሸከመው ቀለል ያለውን ይመርጣል።

ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ቡሎን የምንላቸው ስሞች ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መዶሻ ግን የራሳችን የቀጥቃጮች ቃል ነው። እነዚያ ቀጥቃጮች ማረሻውንና ማጭዱን እየሠሩልን «ቡዳ» ተብለው ይሰደቡ ነበር፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። አፄ ቴዎድሮስ ከዚሁ ከደብረ ታቦር አጠገብ፥ በጋፋት፥ የአውሮፓና የአገር ሠራተኞችን ሰብስበው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን በዐዋጁ ብቻ አልጠፋም።

ከላይ ያነሣነው የአረንጓዴው ሣጥን ባለቤት አያቱ ቀጥቃጭ እንደ ነበሩ፥ እንግዳ ሲመጣም ወናፋቸውን ከጓዳ ያስገቡ እንደ ነበር አጫውቶናል። የእርሱ ሣጥን ቀኑን ሙሉ ከመንገዱ ዳር ተከፍቶ ይውላል፤ የሚቆለፈው ማታ ብቻ ነው።